ዓሣው ውሉን አላነበበም

ሚያዝያ 27፣ ሰኞ

እንግዶቼ ገቡ። የከተማው ሆቴል ጣሪያው ተነቅሎ እየታደሰ ስለሆነ የሐይቁ የጋራ ኮሚቴ ሦስቱንም የማከራያቸውን ክፍሎች ያዘ። ሰው በመምጣቱ ደስ ብሎኝ አንሶላ ሳነጥፍ ዋልኩ። ማን ማን እንደሆኑ የሰማሁት አንሶላው ከተነጠፈ በኋላ ነው።

አንደኛው ዋርሳዬ ነው፤ የሟቹ ባለቤቴ ታናሽ ወንድም። የእኛ ዳርቻ አስጋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር ሆኗል። ቤቱ ከላይኛው ወደብ ስለሆነ ስብሰባው እስኪያልቅ እዚህ ያድራል። ድምፁ ከሰውዬው ቀድሞ ስለሚደርስ ከተማው «ነጎድጓድ» ይለዋል። ሁለተኛው የገዛ ወንድሜ ነው፤ የማዶዎቹ ሊቀመንበር። እኔ የማዶ ልጅ ነኝ፤ ተድሬ መጥቼ ነው ከዚህኛው ዳርቻ የቀረሁት። ሦስተኛዋ ሐይቁን የሚካፈሉት ሁለቱ አገሮች በጋራ የቀጠሯት ወጣት ባለሙያ ናት። በየማለዳው ሙቀት መለኪያ በገመድ አስራ ውሃው ውስጥ ታወርዳለች። ሐይቁ ትኩሳት ይዞታል ብላ ከተናገረች ወዲህ አስጋሪዎቹ «ነርሷ» ብለዋታል።

ወንድሜና ዋርሳዬ ባለቤቴ ሐይቁ ላይ ከሞተ ጀምሮ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። ዋርሳዬ «በዚያ ነፋስ ለምን ለቀቀው?» ይላል። ወንድሜ «የሚያፈስ ጀልባ ለምን አዋሰው?» ይላል። ባለቤቴ በዚያ ቀን ማዶ ምን ሊያደርግ እንደሄደ ግን የጠየቀ ሰው የለም። ያልተጠየቁትን መመለስ ደግሞ ቅብጠት ነው።

ክፍሎቻቸው አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ምን ላድርግ፤ ሌላ ክፍል የለኝም።


ሚያዝያ 28፣ ማክሰኞ

ጊዜ የለኝም። የመታጠቢያ ቤት ጦርነት ተጀመረ። ዋርሳዬ ውስጥ ሆኖ ይዘፍናል። ወንድሜ ውጭ ቆሞ ያስላል። ዋርሳዬ ሳሉን ሲሰማ ዘፈኑን ከመጀመሪያው ይጀምራል። ነርሷ ጥርሷን በወጥ ቤቱ ቧንቧ ታጥባ ወጣች። ሁለተኛ የፎጣ መስቀያ ማስመታት አለብኝ፤ በአንዱ ላይ የሁለቱ ፎጣ አብሮ አይሰቀልም።


ግንቦት 1፣ ዓርብ

አሁን ደግሞ ሥራ ተጨመረልኝ፤ አስተርጓሚ ሆኛለሁ። የሚያስቀው ሁለቱም አንድ ቋንቋ መናገራቸው ነው።

ዛሬ እራት ላይ ዋርሳዬ «እትዬ፣ ለወንድምሽ ንገሪልኝ» አለ፤ ወንድሜ ከእሱ አንድ ክንድ ርቆ ተቀምጦ። «ጨዉን እንደ ውርስ መሬት ታቅፎ ከሚቀመጥ ለሰው ያቀብል በይልኝ።»

«ጋሼ» አልኩ ወደ ወንድሜ ዞሬ፣ «ስትጨርስ ጨዉን ታቀብለዋለህ?»

«እታለም፣ ለዋርሳሽ ንገሪው። ያለ ጨውም እንዲህ የሚጮህ ሰው ጨው ሲጨመርበት ጣሪያ ያነሳል።» ይህን ያለው በጆሮዬ ነው።

«ዋርሳዬ፣ ጨው አታብዛ፣ ጤናህን አስብ ይልሃል።»

ዋርሳዬ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ጤናዬን? እሱ?» ወንድሜን በቆረጣ አየው። ከዚያ በኋላ እስከ እራቱ ማብቂያ አልጮኸም። ነርሷ አንገቷን ሳህኗ ላይ ደፍታ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ኋላ ሳህን ስታመላልስልኝ «እማማ፣ አዳራሹም ውስጥ እኮ እንደዚሁ ነው» አለችኝ። «የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ነው። ልዩነቱ እኔ ያሉትን እንዳሉት ማስተላለፌ ነው። ለዚህ ሳይሆን አይቀርም አንድ አንቀጽ እንኳ ያልተስማማነው።»

መጥፎ ነገር ያደረግኩ አልመሰለኝም። ወጥ ሲጎመዝዝ ስኳር ጣል ይደረግበት የለ?


ግንቦት 3፣ እሑድ

ስብሰባ የለም። ሁሉም ቤት ዋሉ። እግዚአብሔር እሑድን ለዕረፍት ሲፈጥር ወንድሜንና ዋርሳዬን አላሰበም።

ምሳ ላይ ነርሷ ከጠረጴዛው ራስ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ቦታው የማን እንደነበረ በምን ታውቃለች። ሁለቱም ወንዶች ማንኪያቸውን በአየር ላይ እንደያዙ ቀሩ። በዚህ ሁሉ ቀን በአንድ ነገር ሲስማሙ ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው። «ጉርሻ ይመስል ምን ታዩኛላችሁ?» አለች። እኔ «ዳቦ ጨምሪ» አልኳት፤ ነገሩም አለፈ።

የሚከራከሩበትን ነገር ዛሬ በደንብ ተረዳሁ። በአያቶቻችን ጊዜ የተፈረመ ውል አለ። በመራቢያው ወቅት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት የእኛ ዳርቻ ማስገር ይዘጋል፤ እኛ ስንከፍት ማዶዎቹ ይዘጋሉ። ገበያ ዓሣ እንዳያጣ ነው ተራ የተገባው። በዚያ ዘመን ብርማው ዓሣ በየዳርቻው ይቀመጥ፣ በየዳርቻው ይራባ ስለነበር አይጎዳም። አሁን ግን ውሃው ሞቀ። ብርማው ቀዝቃዛ ውሃ ፍለጋ ከዳር ወደ ዳር ይንከራተታል፤ የሚራባበትም ጊዜ ቀደመ። እኛ ስንዘጋ እነሱ ጋ ይሄዳል፤ እዚያ መረብ ይጠብቀዋል። እነሱ ሲዘጉ እኛ ጋ ይመጣል፤ እዚህም መረብ ይጠብቀዋል።

«ውሉ ግልጽ ነው!» አለ ዋርሳዬ፤ ለእኔ ቢሆንም ጎረቤት ሁሉ ሰማው።

«ውሉማ ግልጽ ነው» አለች ነርሷ። «ዓሣው ነው ውሉን ያላነበበው።»

እሷ የምትለው ሁለቱም ዳርቻ በአንድ ቀን ለስድስት ሳምንት ይዘጋ ነው። ሁለቱም ሊቀመንበሮች ቀድሞ እሺ ያለ ተሸናፊ ይመስላቸዋል።

ልጄ ከሰዓት ከማስገር መጣ። መረቡ ዛሬም ባዶ ነበር። ለጓደኛው በረንዳ ላይ ሲነግረው ሰማሁ፦ «ዘንድሮ አብረው ካልዘጉ ጀልባዋን ጎትቼ አወጣታለሁ። ድንጋይ ካባው ላይ መኪና የመንዳት ሥራ አለ፤ ሩቅ ነው እንጂ ይቀበሉኛል። እማዬ ታዝናለች፤ ግን ባዶ ውሃ መቅዘፍ ሰለቸኝ።»

ስንት ዓመት ከዚህ ውሃ ውጣልኝ ብዬ የለመንኩት ልጅ ነው። ልወጣ ነው ሲል ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ትልቁን ሻንጣውን አውጥቼ አጠብኩት። በዚህ አየር ቶሎ አይደርቅም።

ነርሷ ማታ «እማማ፣ ይህን ያህል እያነበቡ የመጽሐፍ መደርደሪያ እንኳ የሌለዎት ለምንድነው?» አለችኝ። እዋሳለሁ እንጂ አላስቀምጥም አልኳት። ፊደል የቆጠርኩት ከዓሣ ሣጥንና ከመጠቅለያ ጋዜጣ ላይ ነው፤ ከትዳር በኋላ፣ ብቻዬን። የራሴ የምለው መጽሐፍ ድሮ እመኝ ነበር። ወንድሜ ማዶ ከተዘጋ ትምህርት ቤት አንድ ሣጥን ሙሉ አግኝቶልኝም ነበር። አልደረሱኝም። ይህን የመጨረሻውን ለእሷ አልነገርኳትም፤ እዚህም ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።


ግንቦት 6፣ ረቡዕ

ዛሬ ስቄ የጎን ውጋት ያዘኝ፤ ሳቁ ግን አልቆየም።

ልጄ አንድ ደህና ብርማ አመጣ፤ የሳምንቱ ብቸኛ። ሳልቆራርጥ ሙሉውን አብስዬ አቀረብኩ። ወንድሜ ትሪው ላይ አጎንብሶ መነጽሩን አደረገ።

«እታለም፣ ለዋርሳሽ ንገሪው። የምንበላው የእኛን ዓሣ ነው። የግራ የሆድ ክንፉ ተቆርጧል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በሐይቁ ስንት ዓሣ እንዳለ ለማወቅ ሁለቱም ማኅበራት በየጊዜው ዓሣ ይይዛሉ፣ ከሆዱ ክንፍ ትንሽ ቆርጠው ምልክት ያደርጉና ይለቃሉ። ኋላ ከሚያዙት ምልክት ያለባቸውን ከሌለባቸው ጋር አወዳድረው ጠቅላላውን ይገምታሉ። ማዶዎቹ ግራውን ይቆርጣሉ፤ እኛ ቀኙን።

ዋርሳዬ ትሪውን ወደ ራሱ ሳበ፤ ዓሣውን በሹካ ገለበጠው። «እትዬ፣ ለወንድምሽ ንገሪልኝ፤ መነጽሩን ይቀይር። ቀኙ ነው የተቆረጠው! የእኛ ነው!»

«ግራው ነው በይው!»

«ቀኙ ነው በይው!»

ትሪው በመካከላቸው ወዲያና ወዲህ ተመላለሰ፤ መረቁ የጠረጴዛ ልብሴን አጠበው። ነርሷ ተነስታ ዓሣውን ጀርባው ላይ አስተኛችው። ሁለቱም ክንፎች ተቆርጠዋል።

«ምስኪን!» አልኩ ሳላስበው። «ሁለት አገር ተራ በተራ ቆርጦታል።»

ዋርሳዬ ቤቱ እስኪነቃነቅ ሳቀ። ወንድሜ ላለመሳቅ ጢሙን ነከሰ፤ አልቻለም። ነርሷ ከሁሉም አብልጣ ሳቀች፤ ወዲያው ግን ተቀመጠችና በሁለት እጇ ራሷን ያዘች።

«አልገባችሁም?» አለች። «እናንተ 'የእኛ ዓሣ ይህን ያህል ነው' ትላላችሁ፤ ማዶዎቹም 'የእኛ ይህን ያህል ነው' ይላሉ። እኔ ደግሞ ሁለቱን ደምሬ ነው ስሠራበት የቆየሁት። አንዱን ዓሣ ሁለት ጊዜ ቆጥረነዋል። ሐይቁ ውስጥ ካሰብነው ግማሹ ቢኖር ነው።»

ዓሣውን የነካው አልነበረም። ቀዝቅዞ ለድመቷ ተሰጠ። እሷ የማን ነው ብላ አልጠየቀችም።


ግንቦት 7፣ ሐሙስ

ነርሷ ከንጋት ጀምሮ ከሁለቱም ወደብ የዓሣ ክንፍ ስታይ ዋለች። ብዙዎቹ ሁለቱም ተቆርጧል። ፊቷ ጠቁሮ ገባች። ልጄ ሻንጣውን ጠየቀኝ። ገና እርጥብ ነው አልኩት። «ውስጡ ውሃ ነው ወይ የፈሰሰበት?» አለኝ። አዎ፣ እንደገና አጥቤው ነበር።


ግንቦት 11፣ ሰኞ

ዛሬ እራት ላይ ነርሷ ስለ ስድስቱ ሳምንት ደግማ አነሳች። ዋርሳዬ «ለወንድምሽ ንገሪልኝ» አለ። «ስድስት ሳምንት የምዘጋው አብጄ እንደሆነ ነው። መጀመሪያ እሱ ይበድና ከዚያ አስብበታለሁ።»

ወንድሜ ይህን ጊዜ በስልክ ጥሪ ተነስቶ ወደ ጓዳው ገብቶ ነበር። ሲመለስ «ምን አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ልጄ በሩ ላይ ቆሞ ጫማውን ያወልቃል። የእግሩ ጣት ካልሲውን ቀዶ ወጥቷል።

«ስድስት ሳምንቱን... እያሰብኩበት ነው ይላል» አልኩት በጆሮው።

«እሱ? ነጎድጓዱ?»

«አዎ።»

ወንድሜ ጨዉን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። «ጨዉን ስጪው» አለኝ ከዚያ፤ ማንም ሳይጠይቀው።

ማሰብ የሚለው ቃል በንግግሩ ውስጥ ነበረ። እኔ ከራሴ አልፈጠርኩም። ጥቂት አሳጠርኩት እንጂ።


ግንቦት 12፣ ማክሰኞ



ለስብሰባው ሻይ ይዤ ሄጄ ነበር። አዳራሹ ሞልቷል፤ የሁለቱም ዳርቻ አስጋሪዎች ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል። ወንድሜ ተነሳ፤ ኮቱን ቆለፈ። «የወዲህ ዳርቻ ወንድሞቻችን ስድስት ሳምንት አብረውን ለመዝጋት ማሰባቸውን በአክብሮት ሰምተናል» አለ። «እኛም ዝግጁ ነን።»

ከእኛ በኩል አንዱ «ማን ነው ያሰበው?» አለ። ሌላው «በማታ ተሸጥን እንዴ?» አለ። ወንበር ወደቀ። «ሊቀመንበራችን ከማዶዎቹ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ማደሩ ለዚህ ነው ለካ!» አለ አንድ ሽማግሌ። ዋርሳዬ ፊቱ አመድ መሰለ። ለመጮህ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣውም። ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ማየት ያስፈራል።

ነርሷ ወንድሜን ከማን እንደሰማ ጠየቀችው። እሱም ወደ በሩ አየ። አዳራሹ በሙሉ ወደ በሩ አየ። እኔ ትሪ ይዤ ቆሜያለሁ።

ስብሰባው ተበተነ። ዋርሳዬ በአጠገቤ ሲያልፍ «እትዬ» አለ፤ ሌላ አልጨመረም። ወንድሜም «እታለም» አለ፤ እሱም አልጨመረም። ቢሰድቡኝ በተሻለ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። መናገር ሲገባኝ ዝም አልኩ፤ ዝም ማለት ሲገባኝ ተናገርኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የነቀዘ አይተው ስለማያውቁ ነው።


ግንቦት 13፣ ረቡዕ

ወንድሜ ዕቃውን ሸከፈ። ቅዳሜ በሚነሳው መርከብ እሄዳለሁ ይላል። ዋርሳዬ ከማኅበሩ ሥልጣን ልልቀቅ ይላል። ልጄ ሻንጣውን ራሱ ከገመዱ ላይ አወረደው። ደርቋል።


ግንቦት 14፣ ሐሙስ

ዛሬ እራት ከመቅረቡ በፊት ቆሜ ተናገርኩ። እንዲህ ቆሜ የተናገርኩበትን ቀን አላስታውስም።

«ከዛሬ ጀምሮ የማንንም ቃል ለማንም አላደርስም። ስለ ጨውም፣ ስለ ዓሣም። አንድ ክንድ ነው መካከላችሁ ያለው። ከፈለጋችሁ ሻገሩት።»

ተቀመጥኩ። መብላት ተጀመረ። ጨው አውቄ ቀንሼበታለሁ፤ አልክድም። ጨዉ ወንድሜ አጠገብ ነው።

ዋርሳዬ ቀመሰ። ወደ እኔ አየ፤ እኔ ወደ መስኮቱ አየሁ። ወደ ነርሷ አየ፤ እሷ አፏን በዳቦ ሞላች። ጥቂት ቆይቶ ለግድግዳው እንዲህ አለው፦ «ይህ ግድግዳ ሰው ቢሆን ኖሮ ጨው ያቀብል ነበር።»

ወንድሜ ወደ አምፖሉ ቀና አለ። «ይህ አምፖል 'እባክህ' ማለት ቢያውቅ ግድግዳው ያስብበት ነበር።»

«ግድግዳ ምን ጊዜም ግድግዳ ነው።»

«አምፖልም ጮኸ ብሎ ፀሐይ አይሆንም።»

ነርሷ በዚህን ጊዜ ዳቦው ትን አላት። ፊቷ ቀላ፤ ዓይኗ ፈጠጠ፤ ጠረጴዛውን መታች።

«ውሃ ስጣት እንጂ! ምን ታፈጣለህ!» አለ ዋርሳዬ።

«ማሰሮው አንተ ጋ ነው! ጀርባዋን ምታት!»

«አንተ ምታት፣ እኔ እቀዳለሁ!»

ወንድሜ ጀርባዋን መታ፤ ዋርሳዬ ውሃውን ግማሹን በእሷ፣ ግማሹን በወንድሜ እጅጌ ላይ ደፋው። ዳቦው ወጣ። ነርሷ ተነፈሰች። ሁለቱ ወንዶች በላይዋ ላይ ተፋጥጠው ቆመው ቀሩ። ምን እንዳደረጉ የገባቸው ያኔ ነው።

«እጅጌህ ረጠበ» አለ ዋርሳዬ።

«ይደርቃል» አለ ወንድሜ።

ተቀመጡ። ጨዉ ተሻገረ። ሌላ ቃል አልተናገሩም፤ ግን የተናገሩት ወደ ኋላ አይመለስም። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፈትኩት፤ አፍንጫዬን የምጠርግበት ድምፅ እንዳይሰማ።


ግንቦት 16፣ ቅዳሜ

መርከቡ ሄደ። ወንድሜ አልሄደም። ሻንጣውን በረንዳው ላይ አስቀምጦ ሲነጋገሩ አመለጠው። ዋርሳዬ መርከቡ ሲያፏጭ ሰምቷል፤ «ቆይ አሁን ገና ነው» ሲል ሰማሁት። ሌላ ጊዜ ዋሽቶ አያውቅም።

እኔ ከመስኮቱ ውስጥ በኩል ድንች እልጣለሁ። ላዳምጥ ብዬ አይደለም፤ ብርሃኑ እዚያ ነው።

መጀመሪያ የተነጋገሩት ስለ ስብሰባው ነበር። አስጋሪዎቹን እንዴት እንደሚያረጋጉ፣ ማን ምን እንደሚል። ከዚያ ወንድሜ «ያን ቀን ወንድምህን ቆይ ብዬው ነበር» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ነፋሱ ይውጣ አልኩት። 'ቃል ገብቼላታለሁ፣ ዛሬ ትጠብቀኛለች' አለኝ። ሣጥኑን በሸራ ጠቅልለን አሰርነው። ከራሱ ይልቅ ሣጥኑ እንዳይረጥብ ነበር የሚጨነቀው።»

ዋርሳዬ ወንበሩን ጎተተ። «ሣጥኑን ያገኘሁት እኔ ነኝ» አለ። «ለማንም አላሳየሁም። ወስጄ ቀበርኩት።»

«ለምን?»

«ካየችው ራሷን ትበላለች ብዬ። ባንተ ላይ መጮህ ቀለለኝ።»

«እኔም ባንተ ላይ መጮህ ይሻላል ብዬ ነበር» አለ ወንድሜ።

«አንተ መቼ ጮኸህ ታውቃለህ?»

«በልቤ። ጎረቤት አላስቸግርም።»

ሁለቱም በአፍንጫቸው ሳቁ።

የመጽሐፎቼን ሣጥን የት እንደቀበረው ልጠይቀው ተነሳሁ፤ መልሼ ተቀመጥኩ። እየላጥኩ ሳላውቀው ድንቹን ጨረስኩት፤ ከአንዱ የቀረው የሽንኩርት ፍሬ አያክልም። እራት ላይ «ድንቹ ምነው እንዲህ አነሰ?» አሉኝ። ዘንድሮ ድንቹ ትንንሽ ነው አልኳቸው። እሺ አሉ። ሁለቱም በአንድ ላይ፣ ቶሎ ብለው፣ እሺ አሉ።


ግንቦት 19፣ ማክሰኞ

ተስማሙ! ነርሷ እየሮጠች መጥታ ነገረችኝ፤ አንድ ጫማዋ መንገድ ላይ ቀርቷል።

ሁለቱ ሊቀመንበሮች አዳራሹ ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው ተናገሩ። ያ ሽማግሌ «በማታ ተሸጥን» ሲል ዋርሳዬ «በማታ አይደለም፣ በእራት ነው! የምንሸጠውም ዓሣ የለንም፤ እሱን ነው የምነግርህ!» አለው። ሁለቱም ክንፉ የተቆረጠ ዓሣ ከፍ አድርጎ አሳየ። ወንድሜ ቀጠለ፦ «እኛ ማዶዎቹ የእናንተን ዓሣ ስንቆጥር፣ እናንተ የእኛን ስትቆጥሩ፣ ዓሣው ራሱን መቁጠር አቃተው።» አዳራሹ ሳቀ። ከሳቁ በኋላ መከራከር ከባድ ነው።

ከእንግዲህ የመዝጊያው ቀን በወር ስም አይወሰንም፤ በነርሷ ሙቀት መለኪያ ነው። ውሃው የሚራቡበትን ሙቀት ሲነካ ሁለቱም ዳርቻ በአንድ ቀን ለስድስት ሳምንት ይዘጋል። ቆጠራውም አንድ ይሆናል፤ አንድ ሰው ከወዲህ፣ አንድ ሰው ከማዶ፣ በአንድ ጀልባ። ከወዲህ የተመረጠው ልጄ ነው። «ስድስቱን ሳምንት ልቆይ» አለኝ፤ «መረቡ ከዚያ በኋላም ባዶ ከሆነ እሄዳለሁ። አታልቅሺ፤ ቃሌን ነው የነገርኩሽ።» አላለቀስኩም። ሄጄ የቆጠራዋን ጀልባ ከወለል እስከ ጠርዝ በእጄ ዳሰስኳት። አታፈስም። ከምሳ በኋላ ተመልሼ ደግሜ ዳሰስኳት።

ማታ ሁለቱ ሊቀመንበሮች ትከሻ ለትከሻ ወጥ ቤቴ በር ላይ ቆሙ።

«እትዬ» አለ ዋርሳዬ፣ «እኛ ሁለታችን ተነጋግረን...»

«በአንድ ድምፅ» አለ ወንድሜ።

«በአንድ ድምፅ የደረስንበት፦ ትራሶችሽ እንደ ድንጋይ ናቸው።»

«ሾርባውም ቀጥኗል።»

ጉድ በል! ተባበሩና መጀመሪያ የዘመቱት በእኔ ላይ ነው። በማንኪያ አባረርኳቸው።


ግንቦት 22፣ ዓርብ

ከሁለቱም ዋና ከተማ ይሁንታ እየተጠበቀ ነው። የእኛ መጣ። የማዶው ቆየ። ዋርሳዬ «ምን ሆነው ነው?» እያለ ወንድሜን በየሰዓቱ ይጠይቀዋል፤ ወንድሜ ሚስቱን ምጥ እንደያዛት ባል ይንጎራደዳል። ከሰዓት መጣ! ነርሷ ውሃው ሰኞ የመራቢያውን ሙቀት ይነካል ትላለች። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ አንዱ ይዘፍናል፤ ውጭ ያለው አሁን አያስልም፤ ያጅባል። እሱም ድምፅ የለውም።


ግንቦት 25፣ ሰኞ

ጎህ ሳይቀድ ነቃሁ። ምን እንደቀሰቀሰኝ አላወቅኩም። የሰው ድምፅ የለም፤ ውሻ አልጮኸም። ተኝቼ አዳመጥኩ። የሆነ ነገር ጎድሏል። ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁ።

የወደቡ ሰው ሁሉ ወጥቷል። መረብ ጠጋኟ ፀጉሯን ሳትሰበስብ፣ በረዶ ሻጩ በባዶ እግሩ፣ ያ አዳራሽ ውስጥ የጮኸው ሽማግሌ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ፣ ዳርቻው ላይ ቆመዋል። እያንዳንዱ እንደ እኔ ደንግጦ ነው የወጣው። ከተወለድን ጀምሮ በዚህ ሰዓት ሞተር ያልጮኸበት ቀን የለም። ያነቃን ጸጥታው ነው። ከማዶም አንድ ሞተር አይሰማም። በዚያኛው ዳርቻ ትንንሽ መብራቶች አንድ በአንድ ይበራሉ። እነሱም ነቅተዋል ማለት ነው፤ እነሱም ወጥተው ወደ እኛ እያዩ ነው።

ወንድሜ የማዶን መብራቶች ቆሞ ያያል። ልጄ ከጎኑ ቆሟል፤ አስጋሪዎች ሁሉ ሥራ ሲፈቱ እጃቸው የሚገባበት ስለሚጠፋቸው ክንዱን አጣጥፎታል። ነርሷ ሙቀት መለኪያዋን ከውሃው አወጣች፤ ለማንም ምንም አላለችም፤ ራሷን ብቻ ነቀነቀች። እኔም ወደ ውሃው ጫፍ ቀረብኩ። ከዚያ ሞት ወዲህ ይህን ያህል ቀርቤው አላውቅም። ጫማዬ ረጠበ።

ዋርሳዬ በሌሊት ልብሱ መጣና ጆሮዬ ላይ አጎንብሶ «እትዬ፣ ብርድ ይመታሻል፣ ግቢ» አለኝ፤ በጭንቅ በሚሰማ ሹክሹክታ።

«ምነው ድምፅህ? አመመህ እንዴ?» አልኩት።

ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። በአገጩ ወደ ሐይቁ ጠቆመኝ።

«ቀስ በይ» አለ። «ገና መተኛታቸው ነው።»